ሰባኪው ቢነጠቅም ደስታው አልተነጠቀም፦ በመሃል አዲስ አበባ ለምትሰብኩልን ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም፣ በአውደ ምሕረትም በአዳራሽም ቃሉን ለምታካፍሉን ቀሳውስት፣ መምህራን፣ መጋቢዎችና ወንጌላውያን።

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ። በቀኝም በግራም ከጎኔ የሚቀመጡት ግን ጴንጤዎች ናቸው። ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ በጾም ቀን እነሱም ከኛ ሽሮ ይቆርሳሉ። ስለ እምነት ስናወራ ብዙ ነገር ላይ አንስማማም። አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም እኩል ደክሞናል፤ ስለ ደስታ የሚነገረን ነገር።

በቀጥታ ልናገር። ደስታን ከተመለሰ ጸሎት ጋር አስራችሁብናል። ቪዛው ሲመጣ፣ ልጁ ሲወለድ፣ ቤቱ ሲገኝ፣ በሽታው ሲድን ያኔ ደስ ይላችኋል ትሉናላችሁ። በዚህ ቃል ባትሉትም እኛ ጋ የሚደርሰው ይህ ነው። ምክንያቱም ማይኩን የሚይዘው ሁልጊዜ የተቀበለ ሰው ነው።

እሑድ በአዳራሹ ምስክርነት ይሰማል። ቪዛ ተመታልኝ፣ መኪና ገዛሁ፣ ሐኪም ተስፋ ቆርጦብኝ ወለድኩ። እልል ይባላል። በእኛም ቤት በንግሥ ቀን ስለቱ ይነበባል። እገሊት ልጅ አግኝታ ጃንጥላ አስገባች፣ እገሌ ውጭ አገር ሆኖ ጉዳዩ ተሳክቶለት ምንጣፍ ላከ። እልል ይባላል። ይሄ ክፉ ነገር አይደለም። ሰው የተደረገለትን ሲያመሰግን ያምራል። ከአሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር፤ ጌታም ዘጠኙስ ወዴት አሉ ብሎ ጠይቋል። ስለዚህ ምስጋናው ይቀጥል። ግን በዚያው ሕዝብ መሃል ስለቷ ያልሰመረላት ሴት ቆማለች። እሷም ከሌላው ጋር እልል ትላለች። ወደ ቤቷ ይዛ የምትገባው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?

አንዲት የማውቃት እህት አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ታሪኳን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። እሷም እንደኔ የሒሳብ ሰው ናት። ካገባች ቆይታለች፣ ልጅ የላትም። ጠበል ተጠምቃለች፣ ተስላለች፣ ሐኪም ቤት ተመላልሳለች። አንድ ጊዜ በአንድ ጉባኤ ላይ፣ የማን ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ ሰባኪው በዚህ ዓመት እዚህ ከቆማችሁት መካከል መካን የምትባል አትኖርም አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። እሷም ከልቧ አሜን አለች። ዓመቱ አለፈ። ተመልሳ ስትሄድ አንዲት አገልጋይ ቀረበቻትና፣ በደግነት እንደሆነ አልጠራጠርም፣ ምናልባት እምነትሽ ላይ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆናል አለቻት። ከዚያ ወዲህ እግሯን አላነሳችም። እሑድ እሑድ ቅዳሴውን በስልኳ ከፍታ ማዕድ ቤት ውስጥ ሥራዋን እየሠራች ትሰማለች። "እግዚአብሔርንማ አልተውኩም" ትለኛለች፤ "እዚያ ግን የኔ ዓይነት ሰው ቦታ የለውም።"

ይህን ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ቆይቶ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም አንዴ አብረን እናንብበው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው።

ጃንደረባው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባኮስ የምንለው፣ የንግሥት ህንደኬ ባለሥልጣን ነበር። በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ነው ይላል። ዛሬ ቢሆን ቢሮው ሰንጋ ተራ በሆነ ነበር። ሥልጣን አለው፣ ሠረገላ አለው፣ በዚያ ዘመን ተራ ሰው የማያገኘው የኢሳይያስ መጽሐፍ በእጁ አለ። ልጅ ግን የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ነበር። ኦሪት ዘዳግም 23 ደግሞ እንደ እሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሄደው ይህ ሕግ ወዳለበት ቤት ነው። ሲመለስ ያነበው የነበረው ደግሞ እንደ በግ ወደ መታረድ ስለተነዳው ሰው ነበር፤ "ትውልዱንስ ማን ይናገራል?" ስለተባለለት። ልጅ የሌለው ሰው ይህን መስመር ሲያነብ የት ላይ እንደሚነካው ያቺ እህት ነግራኛለች።

ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጣ፣ ከዚያ ክፍል ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት። ያንኑ የኢሳይያስን መጽሐፍ ትንሽ ገለጥ ቢያደርጉት ምዕራፍ 56 ላይ ይደርሳሉ። እዚያ ጃንደረባ "እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ" አይበል ተብሎ ተጽፏል፤ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቴ እሰጠዋለሁ ይላል እግዚአብሔር። እስከዚያ አንብበው እንደሆነ ሉቃስ አልጻፈም። እኔ ግን አንብበዋል ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ከዚያ ውኃ አገኙ፣ ተጠመቀ።

ቀጥሎ ያለውን ነው ቀስ ብላችሁ እንድታነቡልን የምለምነው። ከውኃው ሲወጡ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባው ሁለተኛ አላየውም፤ "ደስ ብሎት መንገዱን ይሄድ ነበርና።" እስቲ ምን ተለወጠለት? ጃንደረባነቱ እንዳለ ነው። ልጅ አልተሰጠውም፤ ይሰጥሃል ብሎ የተነበየለትም የለም። ሥራው ያው ነው፤ ወደዚያው ግምጃ ቤት፣ ወደዚያው ሒሳብ ነው የሚመለሰው። መንገዱ ምድረ በዳ ነው። ገና አሁን ያገኘው መምህሩ እንኳ ከዓይኑ ጠፋ። ሰባኪው ተነጠቀ፤ ደስታው አልተነጠቀም።

አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ መጽሐፉ የሚነግረን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አማኝ ደስታ እንዲህ ያለ ነው። ያገኘው ክርስቶስን ነው። ከጉባኤ ውጭ መሆን ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ጌታ እንዳለ ሰማ፣ በስሙ ተጠመቀ፣ የእግዚአብሔር ቤት ሰው ሆነ። ሌላ የተጨመረለት ነገር የለም። ይህን ክፍል ስትሰብኩት ግን ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለ አገራችን ክብር ነው፤ እኛ ቀድመን አመንን የሚል። እኔም በዚያ እኮራለሁ። ሰውየው ራሱ ግን፣ ልጅ አልባው፣ በር ላይ የቀረው፣ ደስ ብሎት የሄደው፣ መሃል ላይ ይጠፋል።

የምንወዳቸውን ጥቅሶችም እንዲሁ ከነምክንያታቸው አስተምሩን። በሚኒባሶቻችን መስታወት ላይ "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ" የሚለውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ፊልጵስዩስ 4፥13 ነው። ሲሰበክልን እናሸንፋለን፣ እንገዛለን፣ እንወርሳለን ማለት ይሆናል። አንድ ቁጥር ከፍ ስትሉ ግን ጳውሎስ መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም ተምሬአለሁ ይላል። የጻፈው ታስሮ ነው። በሕይወት ይኑር ይሙት እንኳ ገና እየጠበቀ ነበር፤ ምዕራፍ 1ን ማየት ይበቃል። "ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ" ያለው ይህ እስረኛ ነው። ሁሉን እችላለሁ ሲል መራብንም እችለዋለሁ ማለቱ ነው። ይህን ብትነግሩን የምንሸሽ አይምሰላችሁ። የቤት ኪራይ ተጨምሮበት፣ ደመወዙ በወሩ አጋማሽ አልቆበት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ለልጁ ትምህርት ቤት ስለሚከፍለው ገንዘብ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። እስኪሞላልህ ጠብቅ ከምትሉን፣ ባልሞላበት ቀን ክርስቶስ አብሮህ አለ በሉን።

የሞላለትስ? እሱንም እዩት። ከቢሯችን መስኮት የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፣ ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። በዙሪያው የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ያምራል፣ ብዙ ሰው እንጀራውን ይበላበታል። በእነዚህ ሁሉ ሕንፃዎች ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ መኪና ይዞ፣ ልጆቹን ጥሩ ቦታ አስገብቶ ሌሊት እንቅልፍ የሌለው ሰው አለ። አውቀዋለሁ፤ አብሬው ሻይ ጠጥቻለሁ። የጸለየው ሁሉ ተመልሶለታል። በሰማነው ስብከት ከሆነ አሁን ደስ ሊለው ይገባ ነበር። መክብብ ምዕራፍ 2 ላይ ቤት ሠራሁ፣ ወይን ተከልሁ፣ ብርና ወርቅ ሰበሰብሁ፣ ዓይኔ የፈለገችውን አልከለከልኋትም ያለው ንጉሥ ሁሉም ነፋስን እንደ መከተል ነው ብሎ ነው የሚጨርሰው። ወንጌሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሀብታሞች አሉ። አንደኛው ብዙ ንብረት ይዞ ወደ ጌታ መጣ፣ እያዘነ ተመለሰ። ሁለተኛው ዘኬዎስ ነው። ደስ ብሎት ጌታን ቤቱ አስገባ፣ ከዚያም ቆሞ የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ አለ። ሁለቱም ገንዘብ ነበራቸው። ልዩነቱ በር መክፈት ላይ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ደግሞ አለ። ያዘነ ሰው እናንተ ጋ ሲመጣ ደስ ይበልህ ተብሎ ብቻ የሚሸኝበት ጊዜ አለ። ሐዘኑም እንደ ኃጢአት ይቆጠርበታል። ኧረ እንደሱ አይደለም። ጌታ "ደስታዬም በእናንተ እንዲሆን ደስታችሁም እንዲፈጸም" ያለው በየትኛው ሌሊት ነው? ሊያዝ ሰዓታት ሲቀሩት ነው። በዚያው ሌሊት ጌቴሴማኒ ገብቶ ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች አለ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት። ዕብራውያን 12 ላይም በፊቱ ስላለው ደስታ መስቀሉን ታገሠ ተብሏል። እንግዲህ ደስታው ሐዘኑን አላጠፋውም፤ አብሮት ተሸከመው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ቅዱስ እስጢፋኖስ በየወሩ በ17 የምንሰበሰበውም ፊቱ እንደ መልአክ ፊት እየታየ በድንጋይ የተወገረውን ዲያቆን ለማሰብ ነው። ድንጋዩ አልቀረለትም። ሰማይ ተከፍቶ ጌታን አየ፣ ለወጋሪዎቹም ጸለየ።

ኤልያስንም አስታውሱት። ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ዛፍ ሥር ተኛ። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አልሰበከውም። ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው። መልሶ ሲተኛ ተወው፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ጭንቀት ይዞት ከአልጋው መነሳት ያቃተው ልጅ ሲመጣ ጸልዩለት፣ ጠበሉንም ይጠመቅ። ወደ ሐኪምም ላኩት፤ በልቶ እንደሆነም ጠይቁት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆድህ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ብሎ ጽፎለት የለ? እምነትህን አጠንክር ብሎ ብቻ አልተወውም። ደስታ ከመንፈስ ፍሬዎች አንዱ ነው፤ ፍሬ ደግሞ ጮኸው ስላሉት አይበስልም።

አሁን ወደ ማዕድ ልምጣ፤ ይህኛው በጣም ይቆረቁረኛል።

"የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው" የሚለውንም እንወደዋለን፣ እንዘምረዋለን። ነህምያ ምዕራፍ 8 ነው። ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብለት አለቀሰ። አታልቅሱ፣ ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩላቸው ተባሉ። ጥቅሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በአንድ እስትንፋስ። ምንም ያልተዘጋጀላቸው ሰዎች ድርሻ ተቆርጦ ጥቅሱ ብቻውን ሲቀር ደስታው የግል ይሆናል። የግል ደስታ ደግሞ አይዘልቅም። የመቄዶንያ ምእመናን ፊልጵስዩሶችን ጨምሮ በብዙ መከራና በጥልቅ ድህነት መካከል ደስታቸው ሞልቶ ለሌሎች እንደሰጡ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አለ። ድሆች ናቸው፣ ደስተኞች ናቸው፣ ይሰጣሉ። ለምን ይህን ጉባኤ ላይ አንሰማም?

እኛ ደግሞ ይህን የምናውቀው ሕዝብ ነን። ሰንበቴ አለን፣ ጽዋ አለን። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ብዙ ጎረቤት ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄደ። አብሮ ቡና የጠጣ፣ አብሮ ልቅሶ የደረሰ፣ አብሮ ዕድር የከፈለ ሰው ተለያየ። ለአንዳንዱ ቤቱ ተሻለለት፤ ጎረቤቱን ግን አጣ። እንደዚያም ሆኖ በ23 ለጊዮርጊስ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ማን ታመመ፣ ማን ቀረ፣ የማን ልጅ ሥራ አገኘ ይባባላሉ። ዳቦ ይቆረሳል፤ በር ላይ ለተቀመጠው ነዳይም ይደርሰዋል። ብዙዎቹ ጸሎታቸው አልተመለሰም። ስደት ላይ የቀረ ልጅ ያላቸው አሉ፣ ሕመም ያላቸው አሉ። ፊታቸውን ግን እዩት። እነሱን ሳይ ደስታ ምን እንደሆነ አይጠፋኝም። ክርስቶስ ዘንድ መሆን ነው፤ ክርስቶስ ዘንድ ካሉት ጋር ደግሞ አብሮ መሆን ነው። በዚህ ከተማ ሰው የሚያጣው ሁለተኛውን ነው፣ ስለዚህም የመጀመሪያው ይርቀዋል።

ጊዮርጊስ ላይ ያየሁትን በእያንዳንዱ አጥቢያ ማየት እፈልጋለሁ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአምልኮ በኋላ ሰው ስልኩን አውጥቶ ራይድ ጠርቶ እየሄደ ነው። በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ቁጭ በሉ በሉን። ሻይ ይፈላ። ማን ብቻውን ምሳ እንደሚበላ ጠይቁ። በመሃል ከተማ አፓርታማ ውስጥ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ማንንም የማያውቅ ሠራተኛ ብዙ ነው። እሑድ ምሳውን ብቻውን የሚበላ ሰው የሰኞውን ሥራ እንዴት እንደሚጀምር እኛ ቢሮ ውስጥ ያለን እናየዋለን።

ምስክርነት ስታሰሙን ደግሞ ያልተመለሰለትንም አቁሙልን። አሁንም እየጠበቅሁ ነው፣ ዛሬም አልሆነም፣ ግን እግዚአብሔር አልተለየኝም ብሎ የሚናገር ሰው በየአጥቢያው አለ። እሱ ሲናገር ጸጥ ብሎ የሚሰማው ሕዝብ ብዛት ያስደንቃችኋል። ዳዊት የምትደግሙ አባቶች ከነቢያት ጸሎት ጋር የዕንባቆምን ታገኙታላችሁ፤ በለስ ባታፈራ፣ በወይን ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፣ "እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል"። ዕንባቆም በዛሬው መድረካችን ላይ ቢቆም ኖሮ በጎችህ ሲመለሱ ና የሚባል ይመስለኛል። እባካችሁ እንደዚያ አይሁን።

ዓመት ቆጥራችሁም ቃል አትግቡልን። በዚህ ወር፣ በዚህ ዓመት አትበሉን። እግዚአብሔር ያላለውን በስሙ ስትሉ፣ ሳይሆን ሲቀር ሰው የሚያዝነው በእናንተ አይደለም፤ በእሱ ነው። ያቺ እህት ያጣችው ልጅ ብቻ አይደለም። እሑዷንም አጣች። ልጅ መስጠት በእጃችሁ የለም፤ እሑዷን መመለስ ግን በእጃችሁ ነው።

ከመጪዎቹ እሑዶች በአንዱ የሐዋርያት ሥራ 8ን እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ ስበኩልን፤ ቀኑን ካሳወቃችሁ ይዣት እመጣለሁ። ስትመጣ ስሟን ጠይቋት፣ የምትቀመጥበትን አሳዩአት፣ ስለ ልጅ አትጠይቋት። የሰንበቴውን ሒሳብ የሚይዝ ሰው ከጎደላችሁ ደግሞ ንገሯት፤ በሥራዋ ጎበዝ ናት።

አክባሪያችሁ፣
ከሜክሲኮ አካባቢ፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ